ስለ አፍ ሽታና ስለ አረንጓዴ ሻይ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ ቅቤ አነጣጠር በጻፍን በሳምንቱ ከአንዲት አንባቢያችን ደብዳቤ ደረሰን። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይገለጽ ለምናናለች፤ እኛም በሥራችን ምስጢር መጠበቅን የለመድን ስለ ሆንን ስሟን ቀርቶ አገሯንም አንጠራም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ደግ፥ ሠርቶ የሚገባ፥ ከቤቱ የማይርቅ ሰው ነው። ነገር ግን ሲጠጋት የአፉ ሽታ ስለሚከብዳት ሳታስበው ፊቷን ታዞራለች። እሱም የፊቷን መዞር እንጂ ምክንያቱን ስለማያውቅ፥ ጠልታኛለች ብሎ በመጀመሪያ ዐዘነ፤ ኋላም ተቈጣ፤ አሁን ሽማግሌ ይሰብሰብ እስከ ማለት ደርሷል። «በሽማግሌ ፊት ምን ብዬ ልናገር?» ስትል ትጠይቀናለች። በደብዳቤዋም መጨረሻ፥ አረንጓዴ ሻይ የአፍን ሽታ ያጠፋል ሲባል መስማቷን ጽፋ፥ እውነት ከሆነ ምንም ሳትናገር ሻዩን በየጧቱ እያፈላች ልታጠጣው ማሰቧን ገልጣልናለች።

እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ተቀምጠን የሰውን ነገር በመጻፍ ከሃያ ዓመት በላይ አሳልፈናል። ባልና ሚስት ሊፋቱ ሲመጡ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «አልተስማማንም» የሚል ነው። ዳኛው «በምን ነገር አልተስማማችሁም?» ብለው ሲጠይቁ፥ አንዱ መሬት መሬት ያያል፤ ሌላው የወጥ ጨው መብዛትን፥ የዘመድ መመላለስን የመሰለ ጥቃቅን ምክንያት ያነሣል። እኛም የተባለውን እንጽፋለን። ያልተባለውን ለመጻፍ ሥልጣን የለንም፤ ነገር ግን ብዕራችንን ስናስቀምጥ፥ እውነተኛው ምክንያት ከቤት ሳይወጣ የቀረ መሆኑን የጠረጠርንበት ቀን ብዙ ነው።

ደግሞም ስለዚህ ነገር የምንጽፈው ራሳችንን ንጹሕ አድርገን አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ባለጉዳዮች ከጠረጴዛችን አጠገብ ቀርበው መናገር ከጀመሩ በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚሉ ሆኑ። እኛም የዋሆች ሆነን፥ ሰዎቹ የፍርድ ቤቱን ክብር ዐውቀው የሚያደርጉት መስሎን በልባችን ደስ ይለን ነበር። ነገሩን የገለጠችልን ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃችን ናት። አንድ ማታ ከጐናችን ተቀምጣ ንባብ ስናስጠናት፥ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «አባባ፥ አፍዎ ይሸታል» አለችን። እናቷ ልትቈጣት ብድግ አለች፤ ነገር ግን ሳትቈጣት ቀረችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ባለቤታችን ነገሩን ካወቀችው ብዙ ጊዜ እንደ ሆነ የተረዳነው ከዚያ ዝምታዋ ነው።

እንግዲህ ለእኅታችን መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ሽታው ራሱ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባናል።

ድኝ የሚባለውን ማዕድን አንባቢያችን ሳያውቀው አይቀርም። በቅዱስ መጽሐፍ ዲን ተብሎ የተጠራው ይኸው ነው፤ በአገራችንም በዳሎል ምድር ቢጫ ሆኖ ተነጥፎ ይታያል። ንጹሕ ድኝ ብቻውን ሲሆን እምብዛም አይሸትም። ከሌላ ነገር ጋራ ሲዋሐድ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከሃይድሮጅን ጋራ ቢዋሐድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይሆናል፤ ይህም የተበላሸ ዕንቍላል ሲሰበር የሚሸተው ሽታ ነው። ከሃይድሮጅን ሌላ ካርቦን ሲጨመርበት ደግሞ ሜቲል መርካፕታን የሚባል ጋዝ ይገኛል፤ የዚህም ሽታ የበሰበሰ ጎመንን ይመስላል። እነዚህን ሁለት ጋዞች ለመለየት አፍንጫችን እጅግ ጥቂት ይበቃዋል፤ አየሩን በአንድ ሺሕ ሚሊዮን እጅ ብንከፍለው፥ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እጅ ብቻ ጋዝ ቢሆን እንኳ ያውቀዋል። የአፍ ሽታ የምንለው በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ነው። ይህንንም በካናዳ አገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጆሴፍ ቶንዜቲች በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1970 ወዲህ ባሉት ዓመታት የአፍን ትንፋሽ በመሣሪያ እየለኩ አስረድተዋል።

ጋዞቹን የሚሠሯቸው ባክቴሪያ የተባሉት በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ናቸው። በአፋችን ውስጥ ከጥርስ መካከል የቀረ ምግብ፥ ከጕንጭና ከምላስ የሚረግፍ የሞተ ሥጋ፥ በምራቅም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ይገኛል። ባክቴሪያዎቹ ይህን ሲበሉ በፕሮቲኑ ውስጥ ያለው ድኝ ይለቀቃል። መኖሪያቸውም አየር እንደ ልብ በማይደርስበት ስፍራ፥ ይልቁንም በምላስ የኋለኛ ክፍል በሻካራው ቦታ ላይና በታመመ ድድ ሥር ነው። ብዙ ሰው ሽታው ከሆድ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህም የሆድ መድኃኒት ሲፈልግ ይደክማል። ነገር ግን የአፍ ሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች ከ80 እስከ 90 በሚሆኑት ላይ ምንጩ አፍ ራሱ ነው።

ምራቅ አፍን የሚያጥብ ነው። ሌሊት ስንተኛ ምራቅ ስለሚያንስ የጧት ትንፋሽ ይከብዳል፤ ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው፥ ብዙ የሚናገር ሰው፥ በአፉ የሚተነፍስ ሰውም እንደዚሁ ነው። ጾመኛ ከሰዓት በኋላ አፉ ቢሸት ከዚሁ የተነሣ ነውና ማንም ሊያፍርበት አይገባም። አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። አፍንጫ ዘወትር ከሚያገኘው ሽታ ጋራ ስለሚላመድ ሰው የገዛ አፉን ሽታ ለማወቅ እጅግ ይቸግረዋል። የእኅታችን ባልም አለማወቁ ከንዝህላልነት አይደለም፤ ሌላ ሰው ካልነገረው በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሽታን ለማራቅ ሰው የሚያደርገው ነገር በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው መሸፈን፥ ሁለተኛው መያዝ ነው። ከረሜላ መምጠጥ፥ ሽታ ያለው ማስቲካ ማኘክ አብዛኛውን ጊዜ መሸፈን ነው። ይህም ያልተቈረጠ ነገር ባለበት መዝገብ ላይ ሌላ መዝገብ እንደ መጫን ያለ ነው፤ ከላይ ያለው ሲነሣ የታችኛው እንደ ነበረ ይገኛል። አረንጓዴ ሻይ የሚያደርገው ግን ከሁለተኛው ወገን ስለ ሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንናገራለን።

በመጀመሪያ፥ ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ ሁለት ተክል አይደሉም። አንድ ተክል፥ አንድ ቅጠል ናቸው፤ የሚለያቸው ከተቀነጠሱ በኋላ የሚደረግባቸው ነው። በአገራችን በከፋ ውሽውሽ፥ በኢሉባቦርም ጉመሮ ሻይ ይለማል፤ ከዚህ አገር ሰው ዘንድ የተለመደው ግን ጥቁሩ ነው። ቅጠሉ ጥቁር ሻይ የሚሆነው ከተቀነጠሰ በኋላ ተጠቅልሎና ተፈትጎ አየር እንዲያገኘው ሲተው ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለ ኤንዛይም የሚባል ሠራተኛ ነገር ከአየሩ ኦክስጅን ጋራ እየተረዳዳ ቅጠሉን ያጠቍረዋል፤ የተቈረጠ ፖም ወይም ሙዝ ሲቀመጥ እንደሚጠቍረው ማለት ነው። አረንጓዴ ሻይ ግን ገና እንደ ተቀነጠሰ በእሳት ይያዛል። ጃፓኖች በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ቻይናዎች አብዛኛውን እኛ ቡና እንደምንቈላ በምጣድ ያምሱታል። ትኵሳቱ ኤንዛይሙን ስለሚገድለው ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቀራል፤ በውስጡም ያለው ካቴኪን የተባለው መራራና ምላስን የሚይዝ ነገር ሳይለወጥ ይቈያል። ይህ ካቴኪን ከደረቀው ቅጠል ክብደት እስከ ሩብ ያህል ሊደርስ ይችላል።

ካቴኪንን ከአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ለይተው ያወጡት ሚቺዮ ትሱጂሙራ የተባሉ ጃፓናዊት ሴት ናቸው። እኒህ ሴት በ1888 ተወልደው፥ በ1920 በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ለመሥራት ሲገቡ ዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪ ስለማይቀበል ያለ ደመወዝ የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኑ። ከዚያም ወደ ቶኪዮ ተዛውረው በሻይ ቅጠል ምርመራ ጸኑ። በ1929 ካቴኪንን ለይተው አወጡ፤ በ1932ም ስለ አረንጓዴ ሻይ ኬሚካዊ ጠባይ በጻፉት መጽሐፍ በአገራቸው የእርሻ ዶክተር የሚል ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። ይህን ለልጃችን ስንነግራት «ደመወዝ ካልከፈሏት ምን ትበላ ነበር?» ብላ ጠየቀችን፤ የምንመልሰው አጣን።

አሁን ካቴኪን ሽታውን እንዴት እንደሚይዘው እንናገር። ድኝን ሁለት እጅ እንዳለው ሰው አድርገን እንመልከተው። በሜቲል መርካፕታን ውስጥ ድኝ ባንድ እጁ ካርቦንን አጥብቆ ይዟል፤ በሁለተኛው እጁ የያዘው ሃይድሮጅን ግን በቀላሉ የሚለቀቅ ነው። ካቴኪን ደግሞ ቀለበት በመሰለው አካሉ ላይ ጐን ለጐን የቆሙ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች አሉት። የአየር ኦክስጅን መጥቶ የእነዚህን ጥንዶች ሃይድሮጅን ሲወስድባቸው፥ ካቴኪኑ ኪኖን ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ኪኖን የጐደለው ነገር ስላለ የሚይዘውን ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሜቲል መርካፕታን ቢያገኝ፥ ድኙ ሃይድሮጅኑን ይለቅና ከካቴኪኑ ቀለበት ጋራ እጅ ለእጅ ይያያዛል። ሽታ ማለት በአየር በርሮ አፍንጫ የሚደርስ ነገር ነው፤ ይህ ከካቴኪን ጋራ የተያያዘው ድኝ ግን ከባድ ስለ ሆነ አይበርም። በምራቅ ውስጥ ይቀራል፤ ከምራቅም ጋራ ይዋጣል። ስለዚህ ሽታው አልተሸፈነም፤ ታስሯል። ያሱዳና አራካዋ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛውን ካቴኪን ከሜቲል መርካፕታን ጋራ አገናኝተው መያያዙን በ1995 አሳትመዋል። ከዚህም በቀር ካቴኪን ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን በመጠኑ እንደሚያዳክም በብልቃጥ ውስጥ በተደረገ ምርመራ ታይቷል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁሉ ለሻዩ ምስጋና ነው። ነገር ግን የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ ስለማይገባ ሌላውንም እንስማ።

በ2008 በካናዳና በጃፓን ሊቃውንት ኅብረት የታተመ አንድ ምርመራ አለ። የአረንጓዴ ሻይ ዱቄትን፥ የጥርስ ሳሙናን፥ ማስቲካን፥ ሚንት ከረሜላንና ሌላም ነገር ለሰዎች ሰጥተው የአፋቸውን የድኝ ጋዝ ለኩ። ወዲያው በተለካ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ጋዙን የቀነሰው አረንጓዴው ሻይ ሆነ። ከአንድ ሰዓት፥ ከሁለት ሰዓትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግመው ሲለኩ ግን የማናቸውም ጥቅም አልተገኘም። ነገሩን ላሰበው አያስደንቅም። ሻዩ ያሰረው በዚያች ሰዓት በአፍ የነበረውን ጋዝ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ግን ከስፍራቸው አልተነሡም፤ ሥራቸውንም አላቋረጡም። ሌባውን ትቶ የተሰረቀውን ብቻ እየያዘ የሚመለስ ዘበኛ ቢኖር እንዲሁ ይሆን ነበር።

የነጭ ሽንኩርት ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በወጣችን ሁሉ የሚገባ ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ልንቈይበት ይገባል። ነጭ ሽንኩርት ሲደቅቅ ብዙ ዓይነት የድኝ ውሑድ ይወጣዋል። ከእነርሱም አንዱ አሊል ሜቲል ሰልፋይድ የሚባለው፥ በ1999 በታተመ ምርመራ እንደ ተገለጠው፥ ከአንጀት ወደ ደም፥ ከደም ወደ ሳንባ እየሄደ ከትንፋሽ ጋራ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው አፉን አጥቦም ሲሸት የሚውለው ስለዚህ ነው። በዚህ ውሑድ ውስጥ ድኝ ሁለቱንም እጆቹን በካርቦን ይዟል፤ ለካቴኪን የሚዘረጋው ነጻ እጅ የለውም።

በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሸሪል ባሪንጀርና ባልደረቦቻቸው ይህን ነገር ለብዙ ዓመት መርምረዋል። በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ሰዎች ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ካኘኩ በኋላ ልዩ ልዩ ነገር እንዲበሉና እንዲጠጡ አድርገው ትንፋሻቸውን ለኩ። ጥሬ ፖምና ጥሬ ሰላጣ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ሽታውን በግማሽና ከዚያ በላይ ቀነሱት፤ የናና ቅጠል ከሁለቱም በለጠ። አረንጓዴው ሻይ ግን ለነጭ ሽንኩርት ሽታ ምንም አልጠቀመም። እንግዲህ ምክንያቱ ከእጆቹ ሌላ በኤንዛይሙም ላይ ነው። በጥሬው ፖምና በጥሬው ናና ውስጥ ካቴኪንን የመሳሰሉ ነገሮች ብቻ ሳይሆኑ ወደ ኪኖን የሚለውጣቸው ኤንዛይምም በሕይወት አለ። በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ግን ይህን ሠራተኛ እሳት ገድሎታል። ካቴኪኑን ከጥፋት ያዳነው ያው እሳት ረዳቱን ወሰደበት ማለት ነው፤ ይህን ስናነብ እጅግ ተደነቅን።

ወተትም ለነጭ ሽንኩርት መልካም መሆኑን በ2010 እዚያው ዩኒቨርሲቲ አረጋግጠዋል፤ ስቡ ያልወጣለት ወተት ከተገፋው ይሻላል፤ ከምግቡ ጋራ ቢጠጣም ከምግብ በኋላ ከመጠጣት ይበልጥ ይረዳል። በ2023 ደግሞ እርጎን በጥሬ ነጭ ሽንኩርት ላይ አድርገው በጠርሙስ ውስጥ ያለውን አየር ቢለኩ፥ ሽታውን ከ100 እጅ 99 ያህል ያዘው። ይህ በጠርሙስ እንጂ በሰው አፍ የተደረገ አለመሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበል። ቢሆንም እናቶቻችን ቅመም ከበዛበት ምግብ ጋራ እርጎ የሚያቀርቡት ያለ ነገር አይደለም ለማለት ያስደፍራል። በጾም ወራት ወተትና እርጎ ስለማይነኩ፥ ያን ጊዜ ናናና ሰላጣ ይተኩታል።

አሁን ወደ ቤት ሥራው እንመለስ። አረንጓዴ ሻይ ዛሬ በከተማ ሱቆች በሣጥን ታሽጎ ይሸጣል። ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይብረድ፤ ቅጠሉም ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይቈይ፤ ከዚህ ካለፈ ምሬቱ ይበዛል። ሲጠጣም ቶሎ ከመዋጥ ይልቅ በአፍ ውስጥ ጥቂት ማመላለስ ይሻላል፤ ሥራው ያለው በአፍ ነውና። ስኳር አይግባበት። ይህ ለእኛ አገር ሰው ከባድ ትእዛዝ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም ሻይን በሦስት ማንኪያ ስኳር ስንጠጣ ያደግን ነን። ነገር ግን ስኳር ጥርስን ለሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ቀለብ ስለ ሆነ፥ ባንድ እጅ መድኃኒት በሌላው እጅ በሽታ መስጠት ይሆናል። ሻዩ ከምግብ ጋራ ባይጠጣ መልካም ነው፤ በጤፍና በምስር ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያሰናክል፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴትና ደም ያነሰው ሰው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢያርቁት ይገባል። የሻዩን ኃይል አጥብቀው በክኒን የሚሸጡትን ግን አንመክርም፤ በ2018 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን፥ ከዚህ ካቴኪን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በክኒን መውሰድ ጕበትን ሊጐዳ እንደሚችል አስታውቋል።

ሻዩ ግን ረዳት ነው እንጂ ዋናው ሥራ ጽዳት ነው። ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ መፋቂያ የለመደም በመፋቂያው ይጽና፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውም አይረሳ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ምላስን ነው። ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ቀስ አድርጎ በምላስ መጥረጊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፥ ባክቴሪያዎቹን ከነቤታቸው ማንሣት ነው። ውኃም አዘውትሮ መጠጣት ያሻል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽታው ካልለቀቀ፥ ወይም ድድ ከደማና ጥርስ ከተነቃነቀ፥ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ እንጂ ሻይ መደራረብ አይጠቅምም። ትንፋሹ እንደ በሰለ ፍሬ የሚጣፍጥ ሽታ ያመጣ፥ ከዚህም ጋራ ጥምና ሽንት የበዛበት ሰው ቢኖር፥ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

የእኛም ነገር የተገኘው ከድድ ነው። ልጃችን በተናገረች በሳምንቱ ወደ ጥርስ ሐኪም ሄድን፤ ሐኪሙም አይቶ፥ ድዳችን ከቈሰለ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንደ ሆነው፥ ጥቂት ዘግይተን ብንመጣ ኖሮ ሁለት ጥርስ እናጣ እንደ ነበር ነገረን። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤታችን ስለ ክብራችን ብላ ዝም አለች፤ እኛም ከዝምታዋ የተነሣ ጥርሳችንን ልናጣ ነበር። አንወቅሳትም። እኛ ራሳችን በእርሷ ቦታ ብንሆን እንናገር ነበርን? ብለን ብንጠይቅ፥ እውነተኛው መልስ አንናገርም የሚል ነው።

ስለዚህ እኅታችን ሆይ፥ ሻዩን አፍዪለት፤ መልካም ነው። ምንም ሳትናገሪ የሚለውን ግን አንስማማበትም። ሻዩ ለጥቂት ጊዜ ፊትሽን ከመዞር ያድንሽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ፊትሽ እንደ ገና ይዞራል፤ እሱም ምክንያቱን አሁንም አያውቅም። በሽማግሌ ፊት ይህን ማንሣት ደግሞ አይገባም፤ ሰው በጓዳ የሚሰማውን ነገር በሸንጎ ሲሰማ እውነቱ ሳይሆን ኀፍረቱ ብቻ ይቀርለታል። ሽማግሌዎቹ ሳይሰበሰቡ፥ ሁለታችሁ ብቻ በሆናችሁበት ጊዜ፥ ሻዩን ለሁለት ቀድተሽ ተቀመጪ። «አልጠላሁህም፤ ፊቴን የማዞረው ስለዚህ ነው» በዪው። ቃሉ ይህን ያህል አጭር ነው። ቢቀየም አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይቀየማል፤ እኛ ልጃችንን የተቀየምነው እስከ ማግሥቱ ቍርስ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያም «የጥርስ ሐኪም አብረን እንይ» በዪው፤ አንቺም አፍሽን ተመርመሪ፤ ብቻውን እንደ ተከሳሽ እንዳይቆም። ይህን ጋዜጣ በዚህ ገጽ ላይ ገልጦ ከራስጌው መተው ግን መናገር አይደለም፤ እንዳታደርጊው እንለምንሻለን።

ደብዳቤው የደረሰን ባለፈው ማክሰኞ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት በሚመጣው ወር መባቻ መሆኑን ስለ ጻፈችልን፥ ይህ ገጽ ከዚያ በፊት በእጇ እንዲገባ ብለን፥ ለዚህ ሳምንት አሰናድተነው የነበረውን ስለ ጤፍ ከነቀዝ አጠባበቅ የሚናገረውን ጽሑፍ ወደሚቀጥለው አሳልፈነዋል።